ያረጀች ዓሣም ሐቅ አላት



ባለፈው ሳምንት ከላሊበላ አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር ጻፈችልን። ጽሑፏን ስጀምረው ፈገግ አልኩ፤ ስጨርሰው ግን ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ፈቃዷን ጠይቀን ለዛሬው ማስታወሻ አደረግነው።

ታላቅ ወንድሟ ከዛሬ ዘጠኝ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሲሠራ አንዲት ትንሽ ወርቃማ ዓሣ ገዛ። በላስቲክ ከረጢት ከነውሃዋ ቋጥሮ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ በአውቶቡስ ደሴን አልፎ ወልዲያ አድሮ በጋሸና በኩል ላሊበላ አስገባት። ኋላ ኑሮ ሲከብደው እንደ ብዙው የወሎ ልጅ ሳዑዲ ሄደ። ሲሄድ ለእህቱ፣ «ዓሣዬን አደራ» አላት። በጦርነቱ ዘመን ከተማዋ ለወራት ያለ መብራት ስትቀመጥ፣ እናትና ልጅ ሌሊት እየተፈራረቁ በጣሳ ውሃ ከፍ አድርገው እያፈሰሱ አየር ሰጥተው አተረፏት።

አሁን ዓሣዋ አርጅታለች። ወርቃማ ቀለሟ ነጥቷል፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ ሆዷን ወደ ላይ ገልብጣ ትንሳፈፋለች። ጎረቤት ይስቃል፦ «ለዓሣ ደግሞ ሕክምና! ጣያት እንጂ።» ወንድሟ ደውሎ «ዓሣዬ እንዴት ናት?» ሲል ደግሞ እህታችን «ደኅና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እንዲህ ስትል ጻፈችልን፦ «ለዓሣ መድከሜ ቂልነት ነው? ምንስ ላድርግላት? ተስፋ ከሌላትስ ብገላግላት ወንጀል አለብኝ?»

እህቴ አብሽሪ። ሦስቱንም በየተራ እናያቸዋለን ኢንሻአላህ። መልሱ ለአንቺ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም ይሆናል።

አንደኛ፦ ለዓሣ መድከም ቂልነት ነው?

የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰባዊ ሕይወት ስናነብ አንድ ትንሽ ልጅ እናገኛለን። የአነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም፣ አቡ ዑመይር ይባላል። የሚጫወትባት አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸውን ይጎበኙ ነበርና አንድ ቀን ልጁን አዝኖ አገኙት፤ ምክንያቱን ሲጠይቁ ወፏ መሞቷ ተነገራቸው። «ለወፍ ይታዘናል?» አላሉትም። በቅጽል ስሙ ጠርተው፣ ልጅን በሚያጫውት ዜማ ባለው አነጋገር ወፏ ምን እንደሆነች ጠየቁት። ታሪኩ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። በ335 ዓመተ ሂጅራ የሞተው የሻፊዒይ መዝሀብ ዓሊም ኢብኑል ቃስ ከዚህች አጭር ሐዲሥ 60 ያህል ትምህርቶችን አውጥቶ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅቶባታል። ዑለማዎች ከእርሷ ከወሰዷቸው ትምህርቶች አንዱ፣ ምግቡና ውሃው እስካልተጓደለበት ድረስ ወፍን ቤት ውስጥ ማኖር እንደሚቻል ነው።

ቁም ነገሩ ያለው «እስካልተጓደለበት ድረስ» የሚለው ላይ ነው። ድመቷን አስራ የገደለቻትን ሴት ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ጥፋቷ ሁለት ነበር፤ አላበላቻትም፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። እስቲ ይህን በዓሣ እንየው። ድመት በሩ ቢከፈትላት አይጥ ይዛ ታድራለች። በመስታወት ገንዳ ያለች ዓሣ ግን በር የላትም። ምግቧም፣ አየሯም፣ የውሃዋ ንጽሕናም በባለቤቷ እጅ ነው። የምንዘጋበት እንስሳ በራሱ ማድረግ የሚችለው ባነሰ ቁጥር የእኛ ኃላፊነት ይጨምራል።

በሌላ በኩል የተጠማ ውሻ አይቶ ጉድጓድ የወረደው ሰውዬ አለ። ጫማውን ውሃ ሞልቶ፣ በጥርሱ ነክሶ ወጥቶ አጠጣው፤ አላህም ሥራውን ተቀብሎ ማረው። ሶሐቦች በእንስሳት ጉዳይም ምንዳ አለን ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ እርጥብ ጉበት ባለው ፍጡር ሁሉ ምንዳ እንዳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሯቸው። የዓሣ ደግሞ ጉበቷ ብቻ ሳይሆን ሁለመናዋ እርጥብ ነው! ደግሞም ዒልም ለሚፈልግ ሰው በሰማያትና በምድር ያሉት ሁሉ፣ በውሃ ውስጥ ያሉ ዓሦች ሳይቀሩ፣ ምሕረት እንደሚለምኑለት በሐዲሥ ተላልፏል። እኛ የናቅናት ፍጡር ለእኛ ዱዓ ከሚያደርጉት ትሆናለች ማለት ነው።

«ዓሣ ምን ይሰማታል? ከሦስት ሴኮንድ በላይ አታስታውስም» የሚሉ ይኖራሉ። ይህ ወሬ ነው። ወርቃማ ዓሣ የምትመገብበትን ሰዓትና ቦታ ትለምዳለች፤ የተማረችውንም ለረጅም ጊዜ ትይዛለች። በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስኮትላንድ በትራውት ዓሣ ላይ የተደረገ ጥናትም ጎጂ ነገርን የሚለዩ ነርቮች እንዳሏት አሳይቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። እህታችን የጠየቀችው ስለ ቆንጆ ጤነኛ ዓሣ አይደለም። ስላረጀች፣ ስለታመመች፣ ለዓይንም ስለማታምር ዓሣ ነው። በዚህ ላይ ታላቁ ዓሊም ዒዝ ኢብን ዐብዱሰላም (በ660 ዓ.ሂ፣ በ1262 እንደ አውሮፓውያን ካይሮ ላይ ያረፉት) «ቀዋዒዱል አሕካም» በተሰኘው ኪታባቸው እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ሲዘረዝሩ የጀመሩት በቀለብ ነው። ቀለቡን ስታነሱ ያስገቧት ነጥብ ልብ ትነካለች፤ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ምንም ጥቅም የማይሰጥ ቢሆን እንኳ ቀለቡ አይቋረጥም። ከዚያ ቀጥለው ከአቅሙ በላይ እንዳይጫን፣ ከሚጎዳው እንስሳ ጋር አንድ ላይ እንዳይደረግ፣ ሲታረድም በአግባቡ እንዲታረድ ያነሳሉ።

ስለዚህ እህቴ፣ ጎረቤትሽ የሳቀበት ነገር ከ700 ዓመት በፊት ታላላቅ ዑለማዎች ሐቅ ብለው የጻፉት ነው። ጥቅሙ ሲያልቅ ሐቁ አያልቅም። የዛሬው ትምህርታችን በሙሉ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ሁለተኛ፦ ምን ላድርግላት?

ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ነው። መጀመሪያ ምን እንደሆነች እንወቅ።

ወርቃማ ዓሣ ከካርፕ ዓሣ ዘር ናት፤ ቻይናውያን ከሺህ ዓመት በፊት ጀምረው ያረቧት። ጥሩ ከተያዘች 10 እና 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከ20 በላይ ትኖራለች። እንግሊዝ አገር በ1956 ባዛር ላይ በሽልማት የተገኘች ቲሽ የምትባል ዓሣ እስከ 1999 ድረስ 43 ዓመት ኖራለች። ስለዚህ የዘጠኝ ዓመት ዓሣ አሮጊት ብትሆንም ዕድሜዋ የግድ አልቋል ማለት አይደለም።

ዓሣ ሆዷ ውስጥ በአየር የተሞላ ከረጢት አላት። በውሃ ውስጥ ሳትሰምጥም ሳትንሳፈፍም ቀጥ ብላ እንድትቆም የሚያደርጋት እርሱ ነው። በወርቃማ ዓሣ ይህ ከረጢት ከምግብ መውረጃዋ ጋር በቀጭን ቧንቧ ይገናኛል። ሆዷ ሲደርቅ፣ ምግብ ስትለቅም አየር አብራ ስትውጥ፣ ቁስለት ሲገባት ወይም በዕድሜ ብዛት ሚዛኑ ይዛባል፤ ያኔ ትገለበጣለች ወይም ከታች ትወድቃለች። ይህ ቀላሉ ሊሆን ይችላል።

ከባዱ የኩላሊት ድካም ነው። በጣፋጭ ውሃ የምትኖር ዓሣ ሰውነቷ ሳያቋርጥ ውሃ ይስባል፤ ኩላሊቷ ደግሞ ሳያቋርጥ ያስወጣል። ኩላሊቷ ሲደክም ውሃው ውስጧ ይጠራቀማል፣ ሆዷ ይነፋል። እህቴ፣ ከላይ ሆነሽ ተመልከቻት። ቅርፊቶቿ ብርድ እንደመታት ዶሮ ላባ ተነስተው ከቆሙ ነገሩ ከባድ ነው። ቅርፊቷ ልስልስ ብሎ እንደተኛ ከሆነ ግን ተስፋው ሰፊ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት በቤት የሚቻሉ ናቸው፦

1. ሰፊና ጥልቀት የሌለው ቦታ ስጫት። ክብ የመስታወት ዕቃ ለወርቃማ ዓሣ ሁሌም ጠባብ ነው። ኦሞ ነክቶት የማያውቅ ሰፊ ሳፋ ይሻላል። ውሃው ጥልቅ ካልሆነ አየር ፍለጋ ወደ ላይ ስትወጣ አትደክምም፤ የውሃው ገጽ ሲሰፋም አየር በደንብ ይገባዋል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃውም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለታመመች ዓሣ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። መብራት ሲጠፋ በጦርነቱ ጊዜ ያደረጋችሁትን ድገሙት፤ በጣሳ ከፍ አድርጎ ማፍሰስ።

2. ውሃውን በከፊል ቀይሪ፤ ሁሉንም አይሆንም። ዓሣ በስንጥቧ የምታስወጣው አሞኒያ ራሷን ይመርዛታል። ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን ጉዳቱን ይቀንሱላታል። በሳምንት ሩብ ያህሉን ቀይሪ፤ ከታመመች ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከገንዳዋ በቀዳሽው ውሃ እጠቢው፤ አለበለዚያ ባክቴሪያዎቹን ትገያቸዋለሽ። የምትጨምሪው የቧንቧ ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር፤ ክሎሪኑ ይወጣል። «ውሃ አጋር» የተጨመረበትን ውሃ ለዓሣ አትጠቀሚ። ውሃ ችግር በሆነበት ከተማ ይህ ብክነት እንዳይመስልሽ፤ ጨው ያልገባበት የዓሣ ውሃ ለጓሮ ጎመንሽ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

3. ሙቀቱ አይዋዥቅ። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይመቻታል። ውሃ ሲቀዘቅዝ የምግብ መፈጨቷም ይዘገያል። የላስታ ሌሊት ብርዱ የታወቀ ነውና ሳፋውን ከመስኮት አርቀሽ፣ ዙሪያውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልይው። የምትጨምሪው ውሃም ከነበረው ጋር እኩል ሙቀት ይኑረው።

4. ሁለት ሦስት ቀን አታብያት። ይህ ጭካኔ አይደለም። ወርቃማ ዓሣ እንደ እኛ ጨጓራ የላትም፤ ምግቡ በቀጥታ አንጀቷ ውስጥ ነው የሚፈጨው። አንጀቷ እረፍት ያግኝ። ከዚያ አተር ቀቅለሽ፣ ልጠሽ፣ አድቅቀሽ ከዓይኗ የማይበልጥ ቁራሽ ስጫት። ደረቅ ምግብ ከሆነ አርጥበሽ፣ አየር እንዳትውጥ ከውሃው በታች አቅርቢላት። መገልበጧ ከሆድ ድርቀት ከሆነ ብዙ ጊዜ በዚህ ይሻላታል።

5. ጨው በመጠኑ። ሆዷ በውሃ ከተነፋ ትንሽ ጨው የኩላሊቷን ሸክም ያቀልላታል። ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ጨው፣ ለ1 ሊትር 1 ግራም፤ በግምት ለ5 ሊትር አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በሌላ ዕቃ ሟሙቶ በዝግታ ይግባ። ጨው አይተንም፤ ስለዚህ ጨው የምትጨምሪው ለቀየርሽው ውሃ ልክ ብቻ ነው። ከጨነቃት ወደ ንጹሕ ውሃ መልሻት።

6. ቆዳዋ አይድረቅ፣ ማንም አይንካት። ከውሃው በላይ የወጣው የሆዷ ክፍል ሲደርቅ ይቆስላል፤ በንጹሕ ውሃ አርሺው። ሌላ ዓሣ ካለና የሚነክሳት ከሆነ ለዪያት። ዒዝ ኢብን ዐብዱሰላም «ከሚጎዳው ጋር አይደረግ» ያሉት ሐቅ ይኸው ነው።

7. የሰው መድኃኒት አይግባ። ቴትራሳይክሊን ከፍቶ ውሃ ውስጥ መበተን የተለመደ ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድልና ውሃውን ያበላሸዋል። የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም አማክሪ፤ ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፣ ቢሾፍቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አለ። ስትገለበጥ፣ ስትበላ፣ ከላይ ስትታይ በስልክ ቪዲዮ ቅረጫት፤ ለሚያይልሽ ሐኪም ከብዙ ቃል ይልቅ ይጠቅመዋል።

እዩት እስቲ፤ ወጪው ምን ያህል ነው? እፍኝ አተር፣ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ሳፋ። ይህ ኢስራፍ አይደለም። የሰው ችግር ከእንስሳ ይቀድማል፤ ሆኖም በእፍኝ አተር የተራበ ጎረቤት አይበደልም።

ሦስተኛ፦ ተስፋ ከሌላትስ?

ሁሉን አድርገሽ ቅርፊቷ ከቆመ፣ ከሳምንት በላይ ምግብ ካልቀመሰች፣ ስንጥቧ እየታገለ የምትተነፍስ ከሆነ የሚመጣውን መቀበል ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ጸጥ ባለ፣ ደብዘዝ ባለ ቦታ፣ በንጹሕ ውሃ እየተንከባከቡ አላህ የወሰነላትን ቀን መጠበቅ። ሌላው ሥቃይዋ ከበረታ መገላገል።

ዑለማዎች በሽተኛ እንስሳን ስለመገላገል ተነጋግረዋል። የማይበላ እንስሳ ከሆነ፣ ለምሳሌ መዳን የማይችል አህያ፣ በሻፊዒይ መዝሀብ ኪታቦች ለማሳረፍ ተብሎም ማረድ አይፈቀድም፤ በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ ታሞ የማይጠቅም ከሆነ አርዶ ማሳረፍ ችግር የለውም የሚል አለ። በአገራችን በወሎ ሁለቱም መዝሀቦች አሉና ስለ አህያ ሲሆን የአካባቢያችሁን ዑለማ ጠይቁ። ዓሣ ግን የሚበላ ሐላል እንስሳ ናት፤ ማረድም አይጠበቅባትም፤ ስለዚህ ጉዳዩ ይቀላል።

ሆኖም አኳኋኑ አይቀልም። ሸዳድ ኢብን አውስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲሥ አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን ደንግጓል፤ ሲገደልም ሲታረድም ማሳመር፣ ቢላዋውን መሳል፣ እንስሳውን ማሳረፍ ታዝዟል። ኢማም አሕመድ ዓሣን በሕይወት እያለች እሳት ላይ መጥበስን እንደጠሉ ተላልፏል። ስለዚህ ሽንት ቤት መጣል፣ ከውሃ አውጥቶ ታፍና እንድትሞት መተው፣ በሕይወት ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት፣ የፈላ ውሃ ማፍሰስ፤ ይህ ሁሉ ኢሕሳን አይደለም። የእንስሳት ሐኪሞች ዓሣን ለማደንዘዝና መጠኑን ጨምረው በእንቅልፍ ለመሸኘት የቅርንፉድ ዘይት ይጠቀማሉ፤ በሐኪም ምክር ይደረግ። ወንዝ ወስዶ መልቀቅም ነጻ ማውጣት አይደለም። እርሷ በማታውቀው ውሃ ትሰቃያለች፤ በሽታዋም በተከዜ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት ሊተርፍ ይችላል።

እዚህ ላይ እህቴ፣ ያልጠየቅሽን ነገር ልንገርሽ። ዓሣዋ የአንቺ አይደለችም፤ አማና ናት። ባለ አማና ባለቤቱን ሳያማክር የአማናውን ሕይወት አይጨርስም። ለወንድምሽ «ደኅና ናት» የምትዪው አዝነሽለት እንደሆነ እናውቃለን። በሰው አገር ፀሐይ ሥር ይደክማል፤ ቤቱን የሚያስታውሰው በእርሷ ነው። ሐሳብ እንዳይጨምርበት ፈለግሽ። ግን አንድ ቀን «ሞተች» ስትዪው ሁለት ነገር ያጣል፤ ዓሣዋንና ቃልሽን። ከዚያ በኋላ «እማ ደኅና ናት» ብትዪውም ይጠራጠራል። ዛሬ ማታ ደውዪለት። «ጋሼ፣ ዓሣህ አርጅታ ታማለች፤ እንዲህ እንዲህ እያደረግኩላት ነው፤ ምን ይሻላል ትላለህ?» በዪው። ካሜራውን ወደ ሳፋው አዙሪለት፤ ይያት። ውሳኔውን አብራችሁ ወስኑ። ካለቀሰም ያልቅስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዑመይርን በወፏ ምክንያት አዝኖ ሲያገኙት እንዳልሳቁበት አስታውሺ።

ስትሞት መሬት ቆፍሮ መቅበር ይበቃል። ሌላ ሥርዓት የለውም።

ከዓሣዋ ወደ በራችን

ወጣቶች፣ አብዛኞቻችን ቤት ዓሣ የለም። ግን በላስታ ዳገት ላይ ውሃ፣ እህል፣ እንጨትና ጡብ የሚሸከሙ አህዮችና በቅሎዎች አሉ። አገራችን በአህያ ብዛት በዓለም ግንባር ቀደም ከሚባሉት ናት። አህያ 15 ዓመት ተጭኖ ጥርሱ ሲያልቅ፣ ጀርባው ሲቆስል፣ እግሩ ሲያነክስ ምን እናደርገዋለን? ብዙ ጊዜ መንገድ ዳር ይለቀቃል። ቀን መኪና፣ ሌሊት ጅብ ይጠብቀዋል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል፤ ባሏ ባያስጥል እኛ ግን ማስጣል እንችላለን። ጥርሱ ላለቀ አህያ ገለባ አይሆንም፤ ፉሩሽካ አርጥቦ መስጠት ነው። ቁስሉ እስኪድን ጭነት አይነካው። ሌሊት በር ያለው ጋጣ ይደር።

አንድ ቀን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አንድ አንሷሪ አትክልት ስፍራ ገቡ። በዚያ የነበረ ግመል ሲያያቸው ድምፅ አውጥቶ እንባው ፈሰሰ። ቀርበው አባበሱትና ባለቤቱን ጠርተው፣ እንደሚያስርበውና እንደሚያደክመው ግመሉ ስሞታ ማቅረቡን ነገሩት፤ አላህ በእጁ ባደረገለት እንስሳ ጉዳይ አላህን እንዲፈራም መከሩት።

አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ደግሞ አንድ ግመል ነበራቸው። ሰው ሲያውሱት ከዚህ በላይ አትጫኑት ብለው ልክ ይሰጡ ነበር። እርሳቸው ሊሞቱ ሲሉ ወደ ግመሉ ዞረው፣ ከአቅሙ በላይ ጭነውት እንደማያውቁ ነግረው ነገ በጌታቸው ዘንድ እንዳይከሳቸው ለመኑት ተብሎ ተላልፏል። ሱብሓነላህ! በሞት አልጋ ላይ ሆነው የእንስሳ ሐቅ ያሳሰባቸው ሰዎች ነበሩ።

እህቴ፣ አንቺም ያቺ ቀን ስትመጣ በሳፋው አጠገብ ቁጭ ብለሽ «ሐቅሽን አላጓደልኩም» ማለት ከቻልሽ አሸንፈሻል። ድናም ትዳን፣ ሞታም ትሙት፣ ያ በአላህ እጅ ነው። በአንቺ እጅ ያለው አተሩ፣ ውሃውና እውነቱ ነው።

ያረጀች ዓሣን በትዕግሥት የያዘች እጅ ነገ ያረጀ አባትና እናትን ለመያዝ ልምምድ እያደረገች ነው። ቁርኣን ስለ ወላጆች ሲነግረን በተለይ እርጅና የደረሱበትን ጊዜ ያነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቅም ሲቆም የሚጀምር ፍቅር እርሱ የአላህ ተብሎ የሚደረግ ፍቅር ነው።

የዚህ ሳምንት ሥራ፦ በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ያረጀ፣ የታመመ፣ «ከእንግዲህ አይጠቅምም» የተባለ አንድ እንስሳ ፈልጉ። ዶሮም ይሁን፣ በግም ይሁን፣ አህያም ይሁን። ዛሬ ከሶላተል ጁሙዓ በኋላ አንድ ነገር አድርጉለት፤ ውሃም ቢሆን። ኒያችሁን አስተካክሉ፣ ለማንም አትንገሩ።

ሱረቱል ከህፍን መቅራት፣ በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማብዛት አንርሳ።

አላህ ሆይ! በእጃችን ያደረግካቸውን ፍጥረታት ሐቅ ከሚጠብቁት አድርገን። በሰው አገር ያሉ ወንድምና እህቶቻችንን በሰላም ለቤታቸው አብቃቸው። ደካማ ስንሆን የሚራራልን አታሳጣን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።